«ገና አልተመዘገበም» ማለትም መልስ ነው

ቦሪ፣ ሞያሌ (ኬንያ)፦ ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲበታተኑ የአንድ ተማሪዬ እናት ክፍሉ በር ላይ ጠበቁኝ። «ቲቸር፣ ትንሽ ጊዜ አለህ?» አሉኝ። ስልካቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል፤ የደወለ ሰው ተመልሶ እንዳይደውል የፈሩ ይመስላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢትዮጵያ ቁጥር አንድ ሰው ደወለላቸው። ጨዋ ነው፣ አነጋገሩ የተስተካከለ ነው፣ «እናቴ» እያለ ነው የሚያወራው። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ አላቸው። ከዚያ ትልቁን ልጃቸውን በስሙ ጠራና «እዚያ ተመዝግቧል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም «ኧረ ገና አልተመዘገበም» አሉት። ሰውዬው አመስግኖ ዘጋ።

«ምንም አልነገርኩትም አይደል ልጄ?» ሲሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጨነቀኝ። ነግረውታላ! ልጁን የማያውቁት ቢሆን ኖሮ «ማነው እሱ?» ነበር የሚሉት። «ገና አልተመዘገበም» ሲሉ ግን ልጁ በሕይወት እንዳለ፣ ድንበሩን እንደተሻገረ፣ እሳቸው ጋ እንደሚኖር፣ በዚያ ላይ ወረቀት እንደሌለው በሁለት ቃል አስረከቡት። ሰውዬው አንድ ጥያቄ ይዞ መጥቶ አራት መልስ ይዞ ሄደ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። ኮምፒዩተርም ይህንኑ ስህተት ይሠራል፤ የኛ የስደተኞች ስም ደግሞ ዛሬ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚህ ለልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ጉዳዩን ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ዘበኛ ያለው ግቢ በር አንኳኩቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

የዘበኛው መልስ

በፈረንጆቹ 2021 ይፋ የሆነ አንድ የሶፍትዌር ክፍተት አለ። የክፍተቶች ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2020-35518 ተብሎ ተመዝግቧል። የተገኘው 389 ዳይረክተሪ ሰርቨር በሚባል ሶፍትዌር ውስጥ ነው። (389 የምትለዋ ቁጥር እንዲሁ የወጣች አይደለችም፤ እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ጥያቄ የሚቀበሉበት የበር ቁጥር ናት።) ሶፍትዌሩ ዘሩ ረጅም ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ሥራ ይነሳል፣ በኔትስኬፕ በኩል አልፎ ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ እጅ ገብቶ ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ዳይረክተሪ ሰርቨር ማለት የስም ማውጫ ነው። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያንን ትልቁን መዝገብ አስቡት። ማን እንዳለ፣ ስሙ፣ የሥራ ክፍሉ፣ ስልኩ፣ የትኛውን ክፍል ከፍቶ መግባት እንደሚፈቀድለት ተጽፎበታል። አንድ ሠራተኛ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ስሙንና ፓስወርዱን ሲጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ወደዚህ መዝገብ ሄዶ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ? ላስገባው?» ብሎ ይጠይቃል።

ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው። ከውጭ የመጣ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አንድ ስም ይጽፍና የማይሆን ፓስወርድ ይሰጣል። ሰርቨሩ በሁለቱም መንገድ አያስገባውም። ነገር ግን ስሙ መዝገቡ ላይ ካለ የሚሰጠው መልስና ስሙ ከሌለ የሚሰጠው መልስ ይለያዩ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ፓስወርድ አልተሰረቀም፣ ፋይል አልተከፈተም፣ ጠያቂውም አልገባም። ግን ስም እየቀያየረ ሲያንኳኳ ውሎ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ለይቶ ማደር ይችላል።

ዘበኛውን አስቡት። ማታ አንድ ሰው መጥቶ «እገሌን ፈልጌ ነበር» ይለዋል። አንደኛው ዘበኛ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይኖርም» ይላል። ስሙ ያለ ሲሆን ደግሞ «በዚህ ሰዓት አይገባም» ይላል። ዘበኛው በሩን አልከፈተም፤ ሥራውን በትክክል የሠራ ይመስለዋል። ሰውዬው ግን የፈለገውን አግኝቷል። ጥገናውም ቀላል ነው፤ ስሙ ኖረም አልኖረም ዘበኛው አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጥ ማድረግ።

ይህ ክፍተት ክብደቱ ሲለካ «መካከለኛ» ተብሎ ነው የተመደበው። ለኩባንያ እውነት ነው። አንድ ሰው የባንክ ሠራተኛ መሆኑ ቢታወቅ ምን ይመጣበታል? ክብደት የሚለኩት ሰዎች የሚያስቡት እንዲህ ዓይነት ቢሮ ነው። አንድ ሰው ከሞያሌ ወዲህ ማዶ መሆኑ፣ በሕይወት መኖሩ፣ ጥገኝነት መጠየቁ ብቻውን ምስጢር የሆነበት ቦታ ላይ ግን «አለ ወይስ የለም» የሚለው ራሱ ዋናው ዕቃ ነው፤ ከፓስወርዱ ይበልጣል።

አንድ ነገር ላስተካክል፣ ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላጋንነው። የኛ የስደተኞቹ ስምና የጣት አሻራ በአብዛኛው የሚቀመጠው በዚህ ዓይነት ማውጫ ውስጥ አይደለም። ዩኤንኤችሲአር ፕሮግሬስ የሚባል የራሱ የመመዝገቢያ ሥርዓት አለው፤ አሻራና የአይን ምስል ደግሞ ቢምስ በሚባለው ይያዛል። ማውጫው ላይ ያሉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ የኛን መዝገብ ከፍተው እንዲያዩ የተፈቀደላቸው ሰዎች። ማለትም ማውጫው የቁልፍ ማስቀመጫ ሳጥን ነው። የቁልፍ ሳጥኑ ከተከፈተ ደግሞ ካዝናው ምን ያህል ወፍራም ብረት ነው የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል። ይህ ግምት አይደለም፤ ሆኖ ያየነው ነገር ነው።

በከተራ ቀን የታወቀው

በ2014 ዓ.ም. ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ በፈረንጆቹ ጥር 18 ቀን 2022፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰርቨሮቹ ውስጥ ያልተጋበዘ ሰው እንዳለ አረጋገጠ። የተዘረፈው የምን መዝገብ መሰላችሁ? የጠፋ ቤተሰብ የሚፈለግበት። በጦርነት፣ በስደት፣ በአደጋ የተለያዩ ሰዎች «ልጄን አይታችኋል? ወንድሜ በሕይወት አለ?» ብለው የሚመዘገቡበት ፕሮግራም ነው። ከ515,000 በላይ ሰዎች ስም፣ ያሉበት ቦታና አድራሻ እዚያ ውስጥ ነበር፤ መረጃው የተሰበሰበው ቢያንስ ከ60 አገሮች የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ነው። ከዚህ ሌላ የ2,000 ያህል ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች መግቢያ መረጃም ተነክቷል።

ጊዜውን አስታውሱ። ያኔ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ነበር፣ ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቀው ቀይ መስቀል በሚያደርሰው ደብዳቤና በሚያስደውለው ስልክ ነበር። ድርጅቱ ራሱ እንደተናገረው በዓለም ዙሪያ በዚህ ፕሮግራም በየቀኑ በአማካይ 12 የጠፉ ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር ይገናኙ ነበር። ከዝርፊያው በኋላ ሥርዓቱን መዝጋት ግድ ሆነ። በተዘጋበት እያንዳንዱ ቀን የሚጠብቅ ሰው አለ።

እንዴት ገቡ? በየካቲት 2022 ድርጅቱ ራሱ በዝርዝር ተናገረ። በሩ ሲቪኢ-2021-40539 የሚባል ክፍተት ነው። ክፍተቱ የነበረው ዞሆ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በሚሠራው ማኔጅኢንጂን ኤዲሰልፍሰርቪስ ፕላስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። ስሙ ረጅም ነው፣ ሥራው ግን ቀላል፤ ሠራተኛ ፓስወርዱን ሲረሳ ከማውጫው ጋር ተነጋግሮ አዲስ የሚያወጣለት ነው። የቁልፍ ሳጥኑ ጎን ያለ ትንሽ መስኮት በሉት። በዚህች መስኮት ያለ ፓስወርድ ማለፍ ይቻል ነበር።

የሚያሳዝነው ክፍል ይኸ ነው። ኩባንያው ጥገናውን ያወጣው መስከረም 2021 ላይ ነው። በዚያው ወር የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤትና ኤፍቢአይ «ይህን ክፍተት እየተጠቀሙበት ነው፣ ቶሎ ዝጉ» ብለው በይፋ አስጠንቅቀዋል። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ኅዳር 9 ቀን 2021 ነው። ሁለት ወር ነበር። ቀይ መስቀል ይህቺ ጥገና በጊዜው እንዳልተጫነች አምኗል። ከገቡ በኋላ ደግሞ 70 ቀን ሳይታወቅባቸው ቆዩ።

መረጃው እኮ በምስጢር ኮድ የተቆለፈ ነበር። ብዙ ጊዜ «አትስጉ፣ ኢንክሪፕት ተደርጓል» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፣ ነበረ። ግን ሰዎቹ ከውስጥ ሆነው የአስተዳዳሪ ማንነት ለብሰው ነው የተንቀሳቀሱት። መቆለፊያው ለአስተዳዳሪ ይከፈታላ! የተሠራው ለዚያ ነው። የቁልፍ ሳጥኑን የያዘ ሰው ግድግዳ መስበር አያስፈልገውም።

ለቀይ መስቀል አንድ ነገር አከብርለታለሁ። ደብቆ አላለፈውም። በማግስቱ ለዓለም ተናገረ፣ በወሩ የራሱን ጥፋት ጨምሮ ዘረዘረ፣ ከዚያም ስማቸው የነበረበትን ሰዎች አንድ በአንድ ለማግኘት ሞከረ፤ በስልክ፣ በደብዳቤ፣ ራቅ ያለ መንደር ያሉትን ደግሞ ሰው ልኮ በአካል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ መጨረሻ እመለስባታለሁ።

ማን ይፈልገናል?

እዚህ ስንነጋገር አንዳንድ ሰው «እኛን ማን ይፈልገናል? ደሃ ነን» ይላል። ይህ አነጋገር ያናድደኛል። የድሃ ሰው ስም የሚፈለገው ለገንዘቡ ብቻ ነው እንዴ?

መጋቢት 1 ቀን 2010 ሞያሌ፣ ሸዋ በር ላይ የሆነውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወታደሮች ሲቪል ሰዎችን ገደሉ። በጊዜው ኮማንድ ፖስቱ የሰጠው ማብራሪያ ወታደሮቹ «የተሳሳተ መረጃ» ይዘው ነው የሚል ነበር፤ 9 ሰው ሞቷል ብሎ አመነ። ከ10,000 በላይ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ሶማሬ፣ ቡቲዬ፣ ዳምባላ ፋቻና እያለ ሰፈረ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ትዝ የሚለኝ መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ድንኳን ከመትከላቸው በፊት ደብተር አውጥተው ስማችንን መጻፋቸው ነው። ስሙን ሲጠይቁት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አይቶ የመለሰ ሽማግሌ አልረሳም። ያ ሽማግሌ ስለ ሰርቨር ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ይህን ጽሑፍ ከኔ በተሻለ ይጽፈው ነበር።

ከዚያ በፊትም ቢሆን በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያንን መከታተል ወሬ ብቻ አልነበረም። ሲትዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒዩተር ላይ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሠራው የስለላ ሶፍትዌር መላኩን አጋልጧል። በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር ውጭ አገር ባሉ ተቺዎች ላይ መሞከሩን። በጥር 2014 ሁለት የኦብነግ ተደራዳሪዎች ናይሮቢ ላይ ታፍነው ኢትዮጵያ እስር ቤት ተገኙ። መንግሥት ተቀይሯል፣ ዘመን ተቀይሯል ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። የሚፈልገን ግን ሁልጊዜ መንግሥት አይደለም። የደም ጠላት አለ፣ ሚስቱ የሸሸችበት ባል አለ፣ «ልጅህን አግኝቻለሁ፣ በኤም-ፔሳ ብር ላክ» የሚል አጭበርባሪ አለ። ለነዚህ ሁሉ የመጀመሪያዋ ጥያቄ አንዲት ናት፤ «እዚያ አለ ወይ?»

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር፣ ስም ለመውጣት ሰርጎ ገብ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2021 ያወጣው ዘገባ ባንግላዴሽ ስላሉት ሮሂንጋዎች ነው። ዩኤንኤችሲአርና የባንግላዴሽ መንግሥት አብረው መዘገቧቸው፤ ባንግላዴሽ ደግሞ ቢያንስ የ830,000 ሰዎችን ስም ከአሻራና ከሌላ መረጃ ጋር ለሚያንማር አቀረበች። ሚያንማር ማለት የሸሹት መንግሥት ነው! ዩኤንኤችሲአር በበኩሉ ፈቃዳቸውን ጠይቀናል አለ። ዘገባው ግን የተነጋገራቸው አብዛኞቹ መረጃቸው ወደ ሚያንማር እንደሚሄድ እንዳልተነገራቸው፣ የፈቃዱ ምልክት ያለበት ወረቀትም ማንበብ በማይችሉት እንግሊዝኛ እንደነበረ ጽፏል። እዚህ ቀዳዳው ሶፍትዌሩ ላይ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጥገናውንም የሚጽፍ ኩባንያ የለም።

ወደ ቤታችን ጠጋ ስንል ደግሞ የጋሪሳና የዋጂር ልጆች አሉ። የኬንያ ዜጋ ሆነው በድርቅና በረሃብ ጊዜ ቤተሰቦቻቸው ራሽን ለማግኘት ዳዳብ ላይ ስደተኛ ብለው ያስመዘገቧቸው። 18 ዓመት ሲሞላቸው ኪፓንዴ ሊያወጡ ሲሄዱ አሻራቸው የስደተኛ መዝገብ ላይ ተገኘና ተከለከሉ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ሞያሌ ላይ አንድ ቤተሰብ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ በሚኖርበት ከተማ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። መዝገብ አይረሳም። ሰው ለአንድ ቀን ዱቄት የሰጠው አሻራ ሃያ ዓመት ይከተለዋል።

ታዲያ አንመዝገብ?

እዚህ ጋ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር እለያያለሁ። ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «እንግዲያው አልመዘገብም» የሚሉ አሉ። የእናትዬው ልጅ አንዱ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፣ ውሳኔው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ መንገድ ላይ «ኪፓንዴ» ሲለው የሚያሳየው የለውም። ሊመልሱት ቢፈልጉ «ጥገኝነት ጠይቄያለሁ» ብሎ የሚያስረዳበት ማስረጃ የለውም። ራሽን የለም፣ ልጁ ለፈተና ሲመዘገብ ችግር ነው። ያልተመዘገበ ሰው ከአፋኝ አልተደበቀም፤ የተደበቀው ከሚጠብቀው ነው። አፋኙ እናቱን ስልክ ደውሎ ያገኘዋል።

መመዝገብ አንድ ነገር ነው፣ ዝም ብሎ መመዝገብ ሌላ። ኬንያ ከ2019 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት። ሕጉ ዜጋና ስደተኛ ብሎ አይለይም፤ መረጃህን የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስበው ሊነግርህ ይገባል፣ የያዘውን ማየት ትችላለህ፣ የተሳሳተውን ማስተካከል፣ መቃወምም ትችላለህ። ለአደጋ የሚያጋልጥ መረጃ ካመለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ ለመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ፣ ዲአርኤስ የምንለው፣ የመንግሥት ነውና በዚህ ሕግ ሥር ነው። ዩኤንኤችሲአር ዓለም አቀፍ ድርጅት ስለሆነ በአገር ሕግ አይከሰስም፤ ግን የራሱ የመረጃ ጥበቃ ፖሊሲ ከ2015 ጀምሮ አለው፣ በ2022ም አዲስ አጠቃላይ ፖሊሲ አውጥቷል። እዚያ ፖሊሲ ላይ ያለው መብት ከኬንያው ሕግ ብዙ አይርቅም። ማዶም ቢሆን ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2016 ዓ.ም. አውጥታለች።

ሕግ ወረቀት ነው ትሉኛላችሁ። ነው። ግን ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው መዝጋቢ ብዙ ጊዜ የኛው ዓይነት ወጣት ነው፤ ሲጠየቅ ያስባል። ይህን መረጃ ማን ያየዋል? ለመጣሁበት አገር መንግሥት ይተላለፋል ወይ? ፈቃድ ስጥ የሚለውን ወረቀት በማውቀው ቋንቋ ታነብልኛለህ? አንድ ሰው ደውሎ ስለኔ ቢጠይቅ ምን ትሉታላችሁ? ይህችን የመጨረሻዋን እኔ ከሁሉም አስበልጣታለሁ። ትክክለኛው መልስ «ስለማንም መኖርና አለመኖር በስልክ አንናገርም» ነው፤ ላለውም ለሌለውም ያው አንድ መልስ። 389 ሰርቨሩን ሲጠግኑት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ለቤታችንም ይሠራል። ልጆቼን ሰሞኑን እንዲህ እያለማመድኳቸው ነው። ስልክ አንስተው ማንም ስለማንም ቢጠይቃቸው «እናቴ ስትመጣ ደውል» ይላሉ። የሚያውቁት ሰው ቢሆንም፣ ባይሆንም። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አንዱ ደዋይ ሌላው ተቀባይ ሆነው ሲጫወቱት ግን ማን ቶሎ እንደሚሸነፍ አዩ። በተለይ ደዋዩ ጨዋ ሲሆን ይሸነፋሉ።

አሁን የራሴን ልናገር። ከሁለት ወር በፊት ለተማሪዎቻችን ደብተር እንሰጣለን ያለ አንድ ድርጅት የልጆቹን ስም ዝርዝር ጠየቀኝ። የወላጅ ስም፣ ስልክ፣ ሌላ የቤተሰብ አባል፣ የመጡበት ቀበሌ። ደብተሩን ፈልጌዋለሁ፤ ልጆቹ በአንድ ገጽ አራት ትምህርት ነው የሚጽፉት። ለምን የመጡበት ቀበሌ ደብተር ለመስጠት እንደሚያስፈልግ አልጠየቅኩም። 63 ልጆችን በወረቀት ላይ አሰለፍኩ፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ላክሁ። ኔትወርኩ ሲያስቸግረኝ ደግሞ «አንዱ ያድርስልኝ» ብዬ ብዙ ሰው ያለበት የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ማታ አሰብኩና አጠፋሁት። ያወረደው ሰው ስልክ ላይ ግን እኔ ስላጠፋሁት አይጠፋም።

የእናትዬው ስም 17ኛ ተራ ላይ ነበር። «ሌላ የቤተሰብ አባል» በሚለው ሳጥን ውስጥ የትልቁ ልጃቸው ስም በኔ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

ደዋዩ ከዚያ ይሁን ከሌላ ቦታ አግኝቶት እኔ ልምል አልችልም። ግን እዚያ ዝርዝር ላይ እያለ «ከኔ አይደለም» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ቀይ መስቀል 70 ቀን ሙሉ አላወቀም ብዬ ስጽፍ እጄ የቆመው ለዚህ ነው፤ እኔ 60 ቀን አውቄ ዝም ብያለሁ።

ነገርኳቸው። በሩ ላይ ቆመን፣ ጥያቄያቸውን ከመመለሴ በፊት። ብዙ ዝም አሉ። ይሳደባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «አንተ ነህ እንዴ?» ብቻ አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ለሌሎቹስ ነግረሃቸዋል?» አሉ። አልነገርኩም ነበር።

አዲሱን ዝርዝር አሁን በቁጥር ነው የማደርገው፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ደብተር ክፍሉ ውስጥ አያድርም። ለድርጅቱ ስንት ልጅ፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት ብዬ ብቻ ጻፍኩለት፤ ደብተሩ እስካሁን አልመጣም። የእናትዬው ልጅ ቁጥሩን ቀይሯል። መዝጋቢዎቹ በሚመጡ ጊዜ አብሬው እንድሄድ ጠይቆኛል፣ ጥያቄዎቹን በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ።

ከትምህርት በኋላ ቤት ለቤት እሄዳለሁ። ዝርዝሩ ላይ ምን እንደነበረ፣ የት እንደሄደ፣ ስልክ ቢደወል ምን ማለት እንዳለባቸው እነግራለሁ። አንዳንዱ ሻይ ይሰጠኛል፣ አንዱ አባት በሩን ዘግተውብኛል። እስከ ትናንት ማታ 41 ቤት ደርሻለሁ።